ምዕራፍ 7፦ መኪናው የት ይደር?

ጋሼ የምላቸው ሰው የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ከነተሳቢው ኤንትሬ ፊያት ይዘው የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ያን ጊዜ ከመንገድ ሲመለሱ መኪናው የሚያድረው በራቸው ላይ ነበር። ሰፈርተኛው የጡሩምባውን ድምፅ ይለየዋል፤ ልጆች ሮጠው ይቀበሏቸዋል፤ ረዳታቸው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ጋቢና ውስጥ ይተኛል። በር ላይ የቆመው መኪና ለቤቱ ግርማ ነበር። «የእነ እገሌ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳም ምልክቱ እሱ ነው።

አሜሪካ መጥተው ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዱ ቤት ገዙ። የመጀመሪያውን የራሳቸውን ትራክ በዕዳ ገዝተው ወደ ቤት ያመጡት አርብ ማታ ነው። ተሳቢውን ሌላ ቦታ ፈትተው ጎታቹን ብቻ፣ ሾፌሮች ቦብቴይል የሚሉትን፣ እየነዱ መጡና ቤታቸው ፊት ለፊት አቆሙት። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ። ቅዳሜ ጠዋት መስታወቱ ላይ የቅጣት ወረቀት ተሰክቶ አገኙት። «የሰው በር አልዘጋሁ፣ ቀይ መስመር ላይ አላቆምኩ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው ደወሉልኝ።

ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሚያደናግረው «የንግድ መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ነው። አገር ቤት ሳለን መልሱን ይሰጠን የነበረው ሰሌዳው ነው፤ አረንጓዴ ጽሑፍና ኮድ 3 ከሆነ የንግድ፣ ሰማያዊና ኮድ 2 ከሆነ የቤት። እዚህ ግን ሰሌዳ አይበቃም። ካውንቲው ወይም ከተማው የራሱን ልክ ያወጣል፤ መኪናውንም በክብደት፣ በርዝመት፣ በቁመት፣ በአክስል ቁጥር፣ አንዳንዴም በላዩ በተጻፈው ፊደል ይመዝነዋል። አንድ መኪና ወንዝ ተሻግሮ ሲያድር ስሙ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበትንና ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲ እንውሰድ። ሕጉ ለንግድ ሥራ የሚውሉ መኪኖችን «ከባድ» እና «ቀላል» ብሎ ይከፍላቸዋል። «ከባድ» ለመባል ከአራቱ ነገሮች አንዱ ይበቃል፦ ጠቅላላ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ (4,500 ኪሎ ገደማ) ካለፈ፣ የመጫን አቅሙ ከአንድ ቶን ከበለጠ፣ ርዝመቱ 21 ጫማ (6 ሜትር ከ40) ከደረሰ፣ ወይም ቁመቱ ከ8 ጫማ (2 ሜትር ከ44) ካለፈ። እንዲህ ያለ መኪና በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ዳር ሊቆም አይችልም። «ቀላል» ከተባለ ግን በመደበኛ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ አንዱን ማሳደር ይፈቀዳል።

የአለካኩ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁመት ሲለካ ጎማው በሚገባ የተነፋ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ የተገጠመው የዕቃ መደርደሪያ ይቆጠራል፣ አንቴናው አይቆጠርም። ርዝመት ሲለካም የተጫነው ዕቃ አብሮ ይለካል። አንድ ቀለም ቀቢ ወዳጄ ቫኑ 20 ጫማ አይሞላም፤ ከኋላ ተርፎ የሚወጣው መሰላል ሲጨመር ግን ከ21 ያልፋል። መሰላሉን አውርዶ ጋራዥ ቢያስገባ ማታውን በሰላም ያድራል፤ ደክሞት እንደ ተጫነ ከተወው መኪናው በሕግ ፊት «ከባድ» ነው። ጣሪያው ከፍ ያለው ፎርድ ትራንዚት ደግሞ ቁመቱ ወደ 9 ጫማ ይጠጋል። ባዶውን ቢሆን፣ ክብደቱም ከ10,000 ፓውንድ በታች ቢሆን፣ ለሥራ እስከዋለ ድረስ በቁመቱ ብቻ ይያዛል። ጥቅል የሚያድሉ ወጣቶቻችን የሚነዱት በብዛት ይህን የመሰለውን ቫን ነው። ብዙዎቹ «ሲዲኤል እንኳ የማይጠይቅ መኪና እንዴት ከባድ ይባላል?» ይላሉ፤ ሲዲኤል ማለታቸው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድን ነው። የመንጃ ፈቃድ ሕግና የማቆሚያ ሕግ የሚጠቀሙት ሚዛን የተለያየ መሆኑን የነገራቸው የለም።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ሌላ መለኪያ ይዞ ይጠብቀናል። እዚያ የክብደቱ ድንበር 12,000 ፓውንድ (5,400 ኪሎ ገደማ) ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ አክስል ያለው መኪና፣ ሾፌሩን ጨምሮ ለ16 ሰውና ከዚያ በላይ የተሠራ መኪና፣ መጠኑ ምንም ይሁን ምን አደገኛ ዕቃ የሚጓጓዝበት መኪና፣ ምግብና መጠጥ የሚቀመጥበት ወይም የሚሸጥበት መኪና፣ ሌላው ቀርቶ የሣር ማጨጃ የሚጫንበት ትንሽ ተጎታች በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ማደር አይችሉም። ቅዳሜና እሑድ በየበዓሉ ቦታ እየዞረች ምግብ የምትሸጥ እህታችን የምግብ መኪናዋን ቤቷ በር ላይ የማቆም መብት የላትም ማለት ነው። የጋሼ ጎታች ደግሞ ሦስት አክስል ያለውና ክብደቱም ከዚህ ድንበር እጅግ ያለፈ ነው፤ ፌርፋክስ ቢሆን በሁለት በኩል ይያዝ ነበር።

ታክሲ ነጂዎችን የሚመለከት አንድ ቁጥር በቨርጂኒያ የክፍለ ግዛት ሕግ ውስጥ አለ። የንግድ መኪና በሰፈር መንገድ እንዳይቆም መከልከል የተፈቀደላቸው ካውንቲዎች፣ ከአንድ የነጠላ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት አንድ ነዋሪ አንድ ታክሲ ወይም ሊሞዚን መንገዱ ላይ እንዲያቆም መፍቀድ አለባቸው። አንድ ቤት፣ አንድ ታክሲ። ወንድማማቾች አብረው ቤት ተከራይተው ሁለቱም ታክሲ በሚነዱበት ቤት፣ ሁለተኛው መኪና በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም።

ኒው ዮርክ ከተማ ከሁለቱም ይለያል። እዚያ የንግድ መኪና በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መቆም አይችልም። የከተማዋ ትርጉም ደግሞ ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፦ የኋላ ወንበሩ ወጥቶ ለዕቃ መጫኛ የተዘጋጀ፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ በሁለቱም ጎን ከመኪናው ቀለም በሚለይ ቀለም፣ ቁመቱ ቢያንስ 3 ኢንች በሆነ ፊደል የተጻፈበት መሆን አለበት። ይህን ያላሟላ ቫን የንግድ ሰሌዳ ቢኖረውም ቀን ለጭነት በተፈቀደው ቦታ ሲቆም ይቀጣል፤ ያሟላው ደግሞ ማታ ከሰፈር ይባረራል።

እነዚህ ልኮች ሁሉ ከአንድ አሮጌ ሐሳብ የተቀዱ ናቸው። ሐሳቡ «ቤት ሌላ፣ ሥራ ሌላ» የሚል ነው። እኛ ያደግንበት ቤት እንደዚያ አልነበረም። ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ የተቆፈረው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጠላ ሻጯ የምትሸጠው ሳሎኗ ውስጥ ነው፤ ሱቁ የግቢው አጥር አካል ነው። አሜሪካ ይህን በሕግ መለየት የጀመረችው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ኒው ዮርክ በ1916 ከተማዋን በሙሉ በአገልግሎት የሚከፋፍል ደንብ አወጣች። ከዚያ ክሊቭላንድ አጠገብ ያለች ዩክሊድ የምትባል የኦሃዮ መንደር ተከተለች። አምብለር ሪያልቲ የተባለ ኩባንያ እዚያ 68 ኤከር መሬት ነበረውና «ደንቡ የመሬቴን ዋጋ ጣለው» ብሎ ከሰሰ። በ1926 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመንደሯ ፈረደ። ብይኑን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ነገሩን ከበረቱ ወጥቶ ሳሎን በገባ አሳማ መሰሉት፤ እንስሳው በቦታው ነውር የለበትም፣ ጥፋቱ ያለቦታው መገኘቱ ነው ማለታቸው ነው። የጋሼም መኪና በዚህ ዓይን ነው የታየው። መንገድ ላይ ሲሄድ አገር የሚመግብ መኪና ነው፤ ሰፈር ሲገባ «ያለቦታው የመጣ» ይሆናል።

ለክልከላው የሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ግን ባዶ አይደሉም። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝና ከከባድ መኪና ጀርባ ሮጦ የሚወጣ ልጅን ማሰብ ብቻ ያስደነግጠኛል። የመንገዱም ጉዳይ አለ። ከ1958 እስከ 1960 ኦታዋ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ አቅራቢያ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ወታደሮች የተለያየ ክብደት ያላቸውን መኪናዎች በተዘጋጁ ቀለበት መንገዶች ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ሲያመላልሱ ከረሙ። መሐንዲሶች ከዚያ ያገኙት ቁም ነገር፣ በአክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የሰፈር መንገድ አስፋልቱ ስስ ነው፣ የተሠራውም ለቤት መኪና ነው። ሞተሩ እየሠራ የሚያድር ማቀዝቀዣ ተሳቢ፣ ሾፌሮቹ ሪፈር የሚሉት፣ በአቅራቢያው ለሚተኛ ሰው ምን እንደሚመስል አጠገቡ ያደረ ያውቀዋል። እነዚህን ምክንያቶች ጋሼም ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀብለዋል።

እኔ የማልቀበለው «ያስጠላል» የሚለውን ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ማያሚ አጠገብ ያለችው ኮራል ጌብልስ ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ናት። ከተማዋን በ1920ዎቹ ጆርጅ ሜሪክ የተባለ ሰው ከመጀመሪያው አንሥቶ በዕቅድ ቆረቆራት፤ ውበቷን በመጠበቅም ትታወቃለች። ፒክአፕ መኪና ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በመኖሪያ ሰፈር መንገድም ሆነ ደጅ ላይ እንዳይታይ የሚከለክል ደንብ ነበራት። ጭነት ይኑረው አይኑረው፣ ለንግድ ይዋል አይዋል ደንቡ አይጠይቅም፤ ፒክአፕ ከሆነ ማታ ጋራዥ ውስጥ መግባት አለበት። አንድ ነዋሪ ለግሉ በሚነዳው ፎርድ ኤፍ 150 ምክንያት ሲቀጣ ከተማዋን ከሰሰ። በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ችሎት ደንቡ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደለት። በ2010 ደግሞ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተሰብስበው ያንን ፍርድ ገለበጡት፤ ከተማ የሰፈሩን መልክ ለመጠበቅ እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን አለው አሉ።

ከተማ ለውበት ብሎ መደንገግ መቻሉ አዲስ አልነበረም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በዋሽንግተን ከተማ ጉዳይ ላይ ያንን በር ከፍቶታል። የኮራል ጌብልስ ነገር የሚያስተምረው ግን ከፍርድ ቤት በኋላ የሆነውን ነው። በኖቬምበር 2012 ጉዳዩ ለነዋሪዎቹ ድምፅ ቀረበና ደንቡን ራሳቸው ሻሩት። ፍርድ ቤት ያጸናውን ሰፈርተኛው በካርድ አነሣው። እዚህ አገር የሚኖሩ ወገኖቼ ይህን እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ፤ የማቆሚያ ሕግ ከዋሽንግተን የሚወርድ አይደለም። የሚያወጡት በአብዛኛው ጥቂት ሰዎች የሚቀመጡባቸው የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው፤ ስብሰባቸው ክፍት ነው፤ ማንም ነዋሪ ቆሞ መናገር ይችላል።

ሌላው ሰዎቻችንን የሚጥለው ነገር ሕጉ አንድ አለመሆኑ ነው። የመንገዱ ሕግ ሌላ ነው፣ የግቢው ሌላ ነው፣ የሰፈር ማኅበሩ ደግሞ ከሁለቱም ሌላ ነው። የመንገዱ ሕግ የትራፊክ ሕግ ስለሆነ ወረቀቱን የሚሰጠው ፖሊስ ወይም የማቆሚያ ተቆጣጣሪ ነው። መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ደጃቸው ላይ ሲያቆሙት «አሁን በራሴ መሬት ነኝ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በራሳቸው መሬት ላይ ግን የመሬት አጠቃቀም ደንቡ ይጠብቃቸዋል፤ ወረቀቱም በፖሊስ ሳይሆን በሌላ ቢሮ፣ ብዙ ጊዜ በፖስታ ነው የሚመጣው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ከክፍለ ግዛቱ በግልጽ ያልተሰጠውን ሥልጣን በራሱ አያመነጭም፤ ይህ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ዳኛ በጆን ዲለን ስም የሚጠራው ደንብ ነው። ስለዚህ እዚያ የካውንቲውን ደንብ ብቻ ያነበበ ሰው ነገሩን በግማሽ ነው ያነበበው።

የባሰው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። እሱ መንግሥት አይደለም፤ ቤቱን ሲገዙ የፈረሙት ውል ነው። ካውንቲው የፈቀደውን ቀላል ቫን ማኅበሩ «ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለበት» ብሎ ሊከለክል ይችላል። የሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሮች በብዛት በእንዲህ ያሉ ማኅበሮች ሥር ናቸው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ማኅበሩ ሊያስከፍል የሚችለውን ወስኖታል፦ ለአንድ ጊዜ ጥፋት እስከ 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን እስከ 10 ዶላር፣ እሱም ከ90 ቀን አይበልጥም። ሲደመር 900 ዶላር ነው፤ ለአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ፍሎሪዳ ግን እዚህም ላይ ወደ ሠራተኛው ማዘንበል ጀምራለች። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የቤት ባለቤቶች ማኅበሮች ነዋሪው ፒክአፑን በራሱ ደጅ እንዳያቆም መከልከል አይችሉም፤ የሥራ መኪናውንም ቢሆን በክፍለ ግዛቱ ሕግ ትልቅ የንግድ ተሽከርካሪ የሚባለው ካልሆነ በስተቀር ማገድ ተነፍጓቸዋል። ማኅበሩ ተቆጥቶበት የነበረው ጽሑፍ ያለበት የቧንቧ ሠራተኛ ቫን አሁን እዚያ በሰላም ያድራል።

ትልቁ ትራክ ግን በአብዛኛው ቦታ ሰፈር ውስጥ አያድርም። ታዲያ የት ይደር? ይህን ጥያቄ ከልካዮቹ ብዙ ጊዜ አይመልሱትም። የፌዴራሉ ሕግ ሾፌሩ በ14 ሰዓት የሥራ መስኮት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ከዚያም 10 ሰዓት ተከታታይ እረፍት እንዲወስድ ያዛል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው ጋቢናው ውስጥ የተገጠመው ኢኤልዲ የሚባል መሣሪያ ነው፤ ከሱ ጋር መደራደር የለም። ሰዓቱ ሲያልቅ ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ 36 ቶን የሚመዝነውን መኪና የሆነ ቦታ ማቆም የግድ ነው። ማታ ትራክ ስቶፑ ይሞላል፤ የሰፈሩ መንገድ ክልክል ነው፤ የገበያ ማዕከሉ ያስጎትታል።

ጄሰን ሪቨንበርግ የ35 ዓመት ሾፌር ነበር። በማርች 2009 የጫነውን ወተት ለማራገፍ ሳውዝ ካሮላይና ሲደርስ ቀድሞ ስለደረሰ የሚቆምበት አጣና፣ በተዘጋ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቁሞ ተኛ። ሌባ ገድሎት ኪሱ የነበረውን 7 ዶላር ወሰደ። ሚስቱ መንታ አርግዛ ነበር። ባለቤቱና ሾፌሮች ባደረጉት ጉትጎታ በ2012 በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ ለከባድ መኪና ማቆሚያ ግንባታ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ እንዲውል ፈቀደ። ገንዘቡን ለዚህ ሥራ ማዋል ግን የክፍለ ግዛቶችና የከተሞች ፈቃድ ነው፤ ከተሞች ደግሞ የትራክ ማቆሚያን በሰፈራቸው አቅራቢያ አይፈልጉም። በእኔ እምነት «እዚህ አታቁም» ያለ ምክር ቤት «እዚያ አቁም» የሚልበትን መሬት የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። በየቀኑ የምንገዛው ወተትና ሽንኩርት የሚመጣው በእነዚህ መኪናዎች ነው።

ቤት የሚገዛ ወይም የሥራ መኪና የሚገዛ ወገኔ ከፊርማ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የመኪናው ጠቅላላ የክብደት ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ሻጭ በአፍ የሚነግረውን ትቶ እሱን ማንበብ ነው። ቀጥሎ ለካውንቲው ደውሎ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መጠየቅ፦ መንገድ ላይ ማደር ይችላል ወይ፣ ግቢ ውስጥስ? አንዱ ቢሮ ለሁለቱም አይመልስም። ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ ሰነዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሽያጩ በፊት ለገዢው ይሰጣል፤ ውሉ የተለየ ቀን ካልወሰነ ገዢው ከተቀበለው በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ያ ወረቀት ወፍራም ስለሆነ የሚያነበው ጥቂት ነው። ሌላው ቢቀር ስለ መኪና የሚያወራውን ገጽ ፈልጎ ማንበብ ነው። ከጎረቤት ጋር መስማማት ለሰላም ጥሩ ነው፣ ከሕጉ ግን አያድንም።

ጋሼ ዛሬ ትራካቸውን የሚያሳድሩት ከቤታቸው 35 ደቂቃ ርቆ ባለ፣ በወር እየከፈሉ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። አርብ ማታ ባለቤታቸው ሄደው ያመጧቸዋል፤ እሑድ ማታ ምሳቃቸው ተቋጥሮ መልሰው ያደርሷቸዋል። ልጃቸው የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ቫኑን ገዛ። ቅዳሜ ስሄድ አባትና ልጅ ደጅ ላይ ሜትር ዘርግተው አገኘኋቸው። ልጁ መሰላሉን አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል፤ አባትየው ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየረገጡ መነፋታቸውን ያያሉ። ከመሬት እስከ መደርደሪያው አናት ለኩት፤ 7 ጫማ ከ8 ኢንች ሆነ። «ይደር» አሉ ጋሼ፣ ሜትሩን እየጠቀለሉ።